የፈረስ ክበባችን ዓመት፦ ከጠፍሩ በፊት እጅና ዓይን

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላደገ ልጅ ፈረስ እንግዳ አይደለም። ጋሪ ይጎትታል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለጥምቀት ጉግስ ሜዳ ላይ ይሰለፋል። በ1836 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም «አባ ዲና» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ለክበባችን የተመዘገቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ መጋለብን ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል። ያልያዙት መሬት ላይ ቆሞ ፈረስን በረጅም ገመድ ማሠራትን ነበር። ዘንድሮ የደከምነው በዚህ ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። አሠልጣኙ መሐል ይቆማል፣ ፈረሱ በገመዱ ጫፍ በዙሪያው በእርምጃ፣ በሶምሶማ፣ ሲበረታም በደንገላሳ ይዞራል። አውድማ ላይ ከብት ሲያበራይ ያየ ልጅ ቅርጹን ወዲያው ይረዳዋል። እኛ ግን የምንፈልገው ዙሩን አይደለም። ፈረሱ ሰው ሳይጫነው ሚዛኑን እንዲያገኝ፣ በግራም በቀኝም እኩል እንዲታጠፍ፣ ድምፅ ሰምቶ እንዲሄድና እንዲቆም እንፈልጋለን። ክባችንን ከዳር እስከ ዳር 20 ሜትር ያህል አደረግነው። ገመዱ 8 ሜትር ስለሆነ አሠልጣኙም መሐል ላይ አነስ ያለ ክብ ይራመዳል። ክቡን ማጥበብ ሥራውን ያቀላል የሚሉ ነበሩ፤ ለሰውየው ያቀል ይሆናል፣ የፈረሱን መገጣጠሚያ ግን ይጎዳል። አጥንታቸው ገና ያልጠና ውርንጭሎችን ወላጆች ሲያመጡልን በአክብሮት የመለስነውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የፈረሱን ራስና አንገት የሚይዝ ተጨማሪ ጠፍር ሳናስር አለፈ። ተማሪዎቹ ትዕግሥታቸው ቢያልቅም አልተቆጨሁበትም። ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ ክልክል መሆኑን፣ ዘርዘር አድርጎ አጣጥፎ መያዝን፣ ያለ ጓንት ገመድ አለመንካትን ተማሩ፤ ፈረስ ድንገት ሲፈረጥጥ የተጠመጠመ ገመድ ጣት ይቆርጣል። ጅራፉም ለመምቻ አይደለም። ጫፉ ወደ ፈረሱ የኋላ እግር ሲያመለክት «ሂድ» ማለት ነው፣ ወደ ትከሻው ሲያመለክት «ወደ መሐል አትግባ» ማለት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሜዳውን ድንጋይ ስለሚያደርገው ልምምዱን ከሰዓት በኋላ አዛወርነው። አንድ ፈረስ በሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ ከ20 ደቂቃ በላይ አናሠራም ነበር፤ ክብ መዞር ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ ያደክማል።

ብዙ የተነጋገርነው ገመዱ የት ይታሰር በሚለው ላይ ነው። በአካባቢያችን የምናውቀው ባህላዊ ልጓም ብዙ ጊዜ የታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አለው። ልምድ ባለው ጋላቢ እጅ ዛቡ በጣት ቢነካ ፈረሱ ይሰማዋል። በ8 ሜትር ገመድ ጫፍ ግን ያው ብረት መንጋጋ ይሰብራል። ስለዚህ ገመዳችንን ከልጓም ጋር አላሰርንም። ካቬሶን የሚባለውን፣ አፍንጫ ላይ ቀለበት ያለውን ልባብ አንድ የቆዳ ባለሙያ በምስል አይቶ ሠራልን፤ ከሥሩም ጥጥ የሞላው ጨርቅ ሰፋበት። ከዓመቱ ዕቃዎች ሁሉ ይህንን የሚያህል የጠቀመን የለም።

የካቲት ላይ የጎን ዛብ ጀመርን። ከልጓሙ ቀለበት ተነሥቶ በሆድ ማሰሪያው ጎን የሚያያዝ ጥንድ ጠፍር ነው። ለዚህ ሥራ ባህላዊውን ልጓም አውልቀን መሐሉ የሚታጠፍ ለስላሳ ልጓም አደረግን። በዚያው ሰሞን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የቤተሰቡን ዳማ ፈረስ ይዞ መጣ፤ ለጥምቀት አንገቱ እንዲቀነፍ ተብሎ አገጩ ደረቱ ላይ በጠፍር ታስሮ የሰነበተ ነው። ፈረሱ ያምር ነበር፤ ግማሹ ክፍል እንዲያ ይሁን አለ። ጠፍሩ ሳይፈታ ጥቂት ዙር አስኬድነውና ተማሪዎቹ ያዩትን በደብተራቸው ይጻፉ አልኩ። ጭራውን ያለማቋረጥ ይወነጭፋል፣ አፉን ይከፍታል፣ የኋላ እግሮቹ ከሥሩ አይገቡም፣ ፊት ለፊቱን ስለማያይ እርምጃው ይሰናከላል። ፈትተን ስናስኬደው አንገቱን ወደ ታች ዘረጋና በረጅሙ ተነፈሰ። የልጁ አባት አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው፣ «መምህር፣ እኛ ያስጌጥነው መስሎን ነበር» አሉኝ። ጠፍሩን ይዘው ሄዱ፣ ዳማው ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከእኛ ጋር ቆየ።

የጎን ዛብ ልኩ ከዚያ በኋላ ለማንም አልጠፋም። ፈረሱ በተፈጥሮ አቋሙ ሲቆም የፊቱ መስመር ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ከሚወርደው መስመር ወደ ፊት ያለፈ ይሁን እንጂ ወደ ደረት የገባ መሆን የለበትም፤ ሁለቱም ወገን እኩል ይሁን፤ መጀመሪያ ረዘም ይበል፣ ማሳጠሩ ከሳምንታት በኋላ ይምጣ። ፈረሱ ሳይሟሟቅ አይታሰርም። በእርምጃ ለረጅም ጊዜም አይታሰርም፤ ፈረስ ሲራመድ ራሱን ይወዘውዛል፣ ጠፍሩ ያንን ይገታዋል። ከመዝለል በፊትና ከሥራው በኋላ ይፈታል።

ስለ ሌሎቹ ማገዣዎች ተማርን እንጂ አልገዛንም። ሻምቦን ከሆድ ማሰሪያው ተነሥቶ በፊት እግሮች መካከልና በጆሮ ግንድ በኩል አልፎ ልጓም ላይ የሚደርስ ነው፤ ፈረሱ ራሱን ቀና ሲያደርግ ብቻ ይጫነዋል፣ ዝቅ ሲል ይለቀዋል። ጀርባውን ለሚያደነድን ፈረስ በባለሙያ እጅ ይጠቅማል፣ ለመጋለቢያ ግን አይሆንም። በብራዚላዊው የዝላይ ጋላቢ በኔልሰን ፔሶዋ ስም የሚጠራው ደግሞ ከኋላ እግሮች በላይ የሚያልፍ ገመድ አለው። ለሚራገጥ ፈረስ አደገኛ ስለሆነ እዚህ ክበብ ውስጥ እኔ እያለሁ አይገባም።

በዓመቱ መጨረሻ ዳማው በግራም በቀኝም በድምፅ ብቻ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ይወርዳል። አንድ ጉራቻ የጋሪ ፈረስ አሁንም በቀኝ ሲዞር ወደ ክቡ መሐል ይገባል፤ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በክረምቱ ሊከታተሉት ባለቤቱን አስፈቅደዋል፣ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ግን በመሪ ገመድ መንገድ ላይ ብቻ ያስኬዱታል። ለመጪው ዓመት የሚያስፈልጉን ጓንቶች፣ ሁለተኛ ካቬሶንና ለክቡ የሚሆን አሸዋ ናቸው። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በስፖርት መምህራን ክፍል ይካሄዳል። ፈረስ የሌላቸው ተማሪዎችም ይምጡ፤ ዘንድሮ ከሁሉ የተሻለ የምልከታ ደብተር የያዘችው ልጅ ቤታቸው ፈረስ የለም።