ጣቶቼ ከተፍታቱ በኋላ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ቆዳዬን ያደረቀው ስክለሮደርማ የተባለው በሽታ ወደ ሳንባዬ መዝለቁ ሲታወቅ ሐኪሞቼ የስቴም ሴል (የደም ሕዋሶችን የሚያፈሩ እናት ሕዋሶች) ንቅለ ተከላን እንዳስብበት ነገሩኝ፤ ሕክምናው ራሱ ሊገድል እንደሚችል በመረዳቴ አንቺን ቀን ከሌት ከማስጨነቅ ዝምታን መረጥሁ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

የተሰጠኝ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴው ሕዋስ ነው። በመጀመሪያ ስቴም ሴሎቹ ከመቅኔዬ ወደ ደሜ እንዲወጡ የሚያደርግ መርፌ ተወጋሁ፤ ከዚያም ደሜ በማሽን ውስጥ እያለፈ እነርሱ ተለይተው ወጡና በከፍተኛ ቅዝቃዜ ተቀመጡ። ቀጥሎ ከባድ ኬሞቴራፒ መጣ። የገዛ አካሌን እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁ የነበሩትን ተከላካይ ሕዋሶች የሚያጠፋው ይኸው መድኃኒት ነው፤ የሚመለሱት ስቴም ሴሎች ሥራቸው የተራቆተውን መቅኔ ዳግም ማቋቋም ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይረዳዋል።

የተመለሱልኝን ቀን አልረሳትም። ነርሷ በረዶ የሆነችውን ከረጢት በሞቀ ውኃ አሟሟችና ሰቀለችልኝ፤ ሕዋሶቹ እንዳይበላሹ የተጨመረው ፈሳሽ ክፍሉን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አሸተተው። ከዚያ በኋላ ነጭ የደም ሕዋሴ እስኪያንሰራራ ድረስ ማንኛዋም ትኩሳት የምታስደነግጥባቸው ቀናት ተከተሉ።

ፍርሃቴ ከንቱ አልነበረም። ይህንኑ ሕክምና በስክለሮደርማ ሕሙማን ላይ በፈተነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው አስቲስ በተባለው ጥናት ከተሳተፉት 156 ሕሙማን መካከል ንቅለ ተከላ የተመደበላቸው 79 ነበሩ፤ ከእነዚህም 8ቱ በመጀመሪያው ዓመት በሕክምናው ምክንያት ሞተዋል። ይሁንና ውሎ አድሮ ከቀሩት ይልቅ በሕይወት በመቆየት የተሻሉት የንቅለ ተከላው ወገኖች ሆኑ። ልብና ሳንባ ክፉኛ ከተጎዱ አደጋው ስለሚጨምር ለዚህ ሕክምና የሚታጨው በሽታው የከፋበት፣ አካሉ ግን ገና ያልደከመ ሰው ነው። ስለዚህ «የመጨረሻው መድኃኒት ነው» እያሉ ሕመምተኛውን እስኪዝል ማቆየት ያሳዝነኛል።

ሳንባዬ ያጣው አልተመለሰም፤ ማሽቆልቆሉ ግን ቆሟል። የልጅነት ክትባቶቼን እንደ ሕፃን እንደገና እየወሰድሁ ነው። እንደ እንጨት ደርቆ የነበረው የእጄ ጀርባ ቆዳ አሁን በጣት ሲቆነጠጥ ይነሣል፤ እስክሪብቶ መጨበጥ ተስኗት የነበረችው ቀኝ እጄም ይህን ሁሉ የጻፈችልሽ እርሷው ናት።

መልስሽን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

ጓደኛሽ