ባሕሩን ተወውና የወለሉን ከፍታ ንገረኝ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 4 ቀን

አባዬ፣ እንደምን ከረምክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ አበደ። ይህን የምጽፍልህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከዚራ ጭር ብሏል፣ ሱቁም ተዘግቷል፣ ሰዉም ተኝቷል። ቬንቲሌተሩ ያንኑ ሙቅ አየር ያዞረዋል።

በስልክ ልነግርህ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንተ ትቀልዳለህ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የላክህልኝን የጡረተኞች ሰፈር ቤት ውል አነበብኩት። 42 ገጽ ነው። ትልቁ ልጅ በስልኩ እየተረጎመ፣ እኔ በእርሳስ እያሰመርኩ ሦስት ቀን ፈጀብን። ፎቶዎቹ ያምራሉ። መዋኛው፣ ዘንባባው፣ ከኋላ ደግሞ ባሕሩ። ሽበታቸው የሚያበራ ሰዎች በትንንሽ ክፍት መኪና እየሄዱ ይስቃሉ። ሁሉም ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ማስታወቂያ መሆኑ በዚህ ያስታውቃል። "የድሬ ሙቀት ያለበት ባሕር ነው" አልከኝ። እሱማ ጅቡቲ ነው። በባቡር 310 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሽመንደፈር ጊዜ ስንቴ ተመላልሰህበታል። (እሺ፣ የጅቡቲ ሙቀት የድሬን ያስመሰግናል። ቀልዴ ነው።)

የሚኒሶታ ብርድ ጉልበትህን እንደጨረሰው አውቃለሁ። በረዶ ስትጠርግ የወደቅክ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ደብቀኸኛል። ሙቅ አገር መፈለግህን አልቃወምም። ግን ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት የምትጠይቅልኝ ነገር አለ።

አንደኛ ነገር ውኃው። ቤቱ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ማየርስ አጠገብ ነው ይላል። ፈልጌ አየሁት። ኢያን የሚሉት አውሎ ነፋስ በመስከረም 2015 የገባው እዚያው አካባቢ ነው። ነፋሱ ብቻ ቢሆን ደህና፤ ባሕሩን ገፍቶ ሰፈር ውስጥ አስገባው። የአውሎ ነፋስ ወራቸው ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው አሉ። እስከ ኅዳር ጽዮን ማለት ነው። የዓመቱ ግማሽ! ደግሞ የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ረሳኸው እንዴ? ለነገሩ አንተ አልነበርክም። እኛ ነበርን። ዝናቡ ደጋው ላይ ዘነበ፣ ውኃው በሌሊት እኛ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ተኝቶበት ከነበረው ቤት ወሰደ። እማዬ ከዚያ ወዲያ ሌሊት ቆርቆሮው ኳ ካለ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ጫማዋን አድርጋ።

ስለዚህ "ከበረንዳው ባሕር ይታያል" ስትለኝ ደስ አላለኝም። ወለሉ ከባሕሩ ስንት ሜትር ከፍ ይላል? እነሱ አገር የጎርፍ ካርታ አለ። ቤቱ "ኤ" ወይም "ቪ" የሚሉት ቀጠና ውስጥ ከሆነ አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ "ቪ" ደግሞ ማዕበሉ ራሱ የሚደርስበት ነው። የትኛው ውስጥ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡህ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፤ ለብቻው ነው የሚገዛው። በ42ቱ ገጽ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። ስለ መዋኛው ሁለት ገጽ አለ።

የወር መዋጮውንም ዛሬ በነገሩህ አትሂድ። የሰፈሩ ማኅበር ሲያስፈልገው ይጨምራል ይላል ውሉ። ጡረታህ ሲያስፈልግህ አይጨምርልህም።

ከዚያ ስለ እንግዳ የሚለው አንቀጽ ላይ ደረስን። ከ18 ዓመት በታች የሆነ እንግዳ በዓመት ከ30 ቀን በላይ ማደር አይችልም። ትልቁ ይህን ሲተረጉም ቆም አለ። "አባባ ቤት የምንገባው በኮታ ነው?" አለኝ። ሳቅን። ቪዛውን ማን ሰጥቶን! የተለመደ ነው አሉ። ከቤቶቹ ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው ከኖረ ልጅ ያለውን ቤተሰብ አናስገባም ማለት ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ይሁን። ግን ልጅ የማይጮህበት ሰፈር አንተ ትችለዋለህ?

ልጅ ካልኩ አይቀር፣ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆላት ጣራ ላይ ወረወረችው። አሁን በየቀኑ እየወጣች በቅሎ እንደሆነ በመስታወት ታያለች። ትልቁ ያንተን አመል ወርሷል፣ ያገኘውን ሁሉ ይፈታል። ባለፈው ይህን ቬንቲሌተር ፈትቶ ገጠመው፣ አንድ ብሎን ተረፈው። ቬንቲሌተሩ ይሠራል። ብሎኑ የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ፎቶውን እልክልሃለሁ፣ እስቲ እየው። እኔ እንደሆነ ከሥሩ መቀመጥ ትቻለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ኢንሱሊንህ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ መብራት ለቀናት ሊጠፋ ይችላል። ጄኔሬተር አለን ካሉህ፣ ለቢሯቸው ነው ወይስ ላንተም ፍሪጅ? ጎረቤታችን ሐጂ መብራት ሲጠፋ ማሰሮ በማሰሮ ውስጥ ይከታሉ፣ መሀሉን በራሰ አሸዋ ሞልተው፣ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑታል። ይቀዘቅዛል፣ ወላሂ። እዚያ ማሰሮ ከየት ታመጣለህ?

ደግሞ ሰፈሩ ራሱን ለቻለ ሰው ነው። ነርስ የለውም። ስትደክምስ? የሚያጥብህ፣ የሚያለብስህ ሰው ቢያስፈልግህ ሜዲኬር የሚሉት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ለዚያ በዘላቂነት አይከፍልም። ጤነኛውንም፣ ደጋፊ የሚፈልገውንም፣ አልጋ የያዘውንም በአንድ ግቢ የሚይዙ አሉ፤ መግቢያቸው ግን ብዙ ገንዘብ ነው። ስንት እንዳለህ ነግረኸኝ ስለማታውቅ ከዚህ በላይ ምን ልምከርህ።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ልትዘጋው ስትል "ወይስ ጠቅልዬ ድሬ ልምጣ?" አልከኝ። ሳቅኩ። "ና አቦ፣ ማን ከለከለህ" አልኩህ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አባዬ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ "ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ" ብለኸኝ ሄድክ። የየትኛው ዓመት ታኅሣሥ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። እማዬ ዣንጥላውን ገዛች። አይተኸዋል፣ ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። "በሰላም ከመለሰልኝ ለቁልቢ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። በላስቲክ ተጠቅልሎ ያንተ ክፍል ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ለ19 ቁልቢ ስንወጣ ሻማ እንይዛለን፣ እሱ እዚያው ይቀራል። በ2000 ለሦስት ሳምንት ስትመጣ "በቃ ይግባ" አልኳት። "ትኬቱን አይተሽዋል? ይሄ መመለስ አይደለም" አለችኝ።

እሷ ስትሞት የድንኳኑን ገንዘብ ላክህ። ደርሷል። ድንኳኑም ትልቅ ነበር። ሰው "አባትሽስ?" ሲለኝ "መንገድ ላይ ነው" እል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ነበርክ።

ይህን ልጽፍ አልነበረም የተቀመጥኩት። የተማርኩት ባንተ ዶላር ነው፣ በዚያ ብርድ ሌሊት ታክሲ እየነዳህ። አልክድም። ይሄኛውም እውነት ነው፣ ያኛውም።

ልነግርህ የፈራሁት ሌላ ነው። ክፍልህን አከራየሁት።

የኋላዋን ክፍል። እማዬ "የእሱ ናት" ብላ ለእንግዳ እንኳን ሳትሰጥ ያቆየቻትን። ከእሷ በኋላ እኔም ስድስት ዓመት ዘግቼ አቆየኋት። ዘንድሮ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ፣ ኑሮውን ደግሞ ትሰማለህ። አንድ አስተማሪ ገብቶባታል። ጨዋ ልጅ ነው፣ አያመሽም፣ ኪራዩን በሰዓቱ ይከፍላል። አልጋህን ሳሎን አወጣሁት፣ ትንሿ ትተኛበታለች። ዣንጥላውን ሳወርደው ላስቲኩ እጄ ላይ ፍርክስክስ አለ። ከፋዩ ግን ቀለሙን እንኳን አልለቀቀም። አሁን የኔ አልጋ ሥር ነው።

አስተማሪው በገባ በሳምንቱ ነው አንተ "ድሬ ልምጣ?" ያልከኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዶ ሆና ስትጠብቅህ አንድ ቀን ሳትጠይቅ!

ና ብዬ እንዳልጽፍልህም ይጨንቀኛል። ጡረታህ እዚህም ይደርስሃል፣ ጠይቄያለሁ። ሜዲኬር ግን ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይከፍልም። ኢንሱሊን አንዳንዴ ይጠፋል፣ ፈልገን ነው የምናገኘው። መብራቱን አልነግርህም። ሰኔን ታውቀዋለህ፤ የዛሬውን ሌሊት ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን ነው ያደርነው። ከሽመንደፈር ጓደኞችህ የቀሩት ሁለት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ለገሃር ፊት ለፊት ሻይ ይጠጣሉ፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ ሌላው ለእሱ ሲል ይጮኻል፣ ሚስጥራቸውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ይሄ ነው ያለው። አሳምሬ ፎቶ ላነሳልህ አልችልም።

የወለሉን ከፍታ፣ ቀጠናውን፣ ጄኔሬተሩን ጠይቃቸውና መልሱን ላክልኝ። ቀብድ ብለው ቢያጣድፉህ "ልጄ ታንብበው" በላቸው።

የአስተማሪው ውል ጳጉሜን 5 ያልቃል። ቤት መፈለግ ካለበት ቢያንስ ከወር በፊት ልነግረው ይገባል፣ ስለዚህ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቁርጡን አሳውቀኝ። ላድስለት ወይስ አላድስለት? በስልክ እንዳትነግረኝ፣ ትቀልዳለህ። ጻፍልኝ።

ልጅህ