ስለ 450 ብሩና ስለ ፎቶ ኮፒው፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ፈተና በሰላም ተጠናቋል፤ ውጤቱ በመገናኛ ደብተር ይደርሳችኋል። የሰርቪስ ሰዓትም አልተለወጠም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለቤተ መጻሕፍት ስለተጠየቀው 450 ብር በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ግሩፑ ውስጥ እኔም እንዳለሁ የዘነጋችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። አልተቀየምኩም። ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል፤ ሁለትና ሦስት ልጅ ለምታስተምሩ ደግሞ የባሰ ነው። ግን «ስዕል ለማየት 450 ብር?» የሚለው አስተያየት ስር ያን ሁሉ የጭብጨባ ምልክት ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ገንዘቡ ከኬጂ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች መጻሕፍት መግዣ ነው። የሚከፈለው በዓመት አንዴ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ አይደለም። ይህን በስብሰባው ላይ ሁለቴ ተናግሬያለሁ፤ ሦስተኛው ይሁን። የገዛናቸው በሥዕላቸው የታወቁ፣ እንደገና የታተሙ የቆዩ የልጆች መጻሕፍት ናቸው።

«አንዱን ገዝታችሁ ኮፒ አድርጉት» ላላችሁን፦ እኛም አስበነው ነበር። አስበን ብቻም አልቀረንም፣ አምና አድርገነዋል። መጽሐፉ ኤዝራ ጃክ ኪትስ የሠራው «ዘ ስኖዊ ዴይ» ነው። ፒተር የሚባል ትንሽ ልጅ ጠዋት ሲነሳ ሰፈሩ በበረዶ ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ ቀይ ቱታውን ለብሶ ሊጫወት ይወጣል። የ1ኛ ክፍል መምህርቷ ኮፒውን ከፍ አድርጋ ማንበብ ስትጀምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማን ሞቶበት ነው?»

ቀዩ ቱታ በኮፒው ጥቁር ሆኖ ነበር። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ ሰው ሐዘን ላይ መሆኑን ታውቃለች። የቀረው ክፍለ ጊዜ ስለ ለቅሶ ሲወራ አለቀ።

ኪትስ ይህን መጽሐፍ በብሩሽ ብቻ አልሠራውም። እየቆረጠ ለጠፈው። የእናትየው ቀሚስ መደርደሪያ ላይ ከሚነጠፍ ሙሸማ የተቆረጠ ነው። የአልጋው ልብስ ለስዕል የሚወጠር የቤልጂየም ሸራ ነው። የበረዶውን ቅርጾች ላጲስ ፈልፍሎ፣ ቀለም እየነከረ እንደ ማኅተም መታቸው። ፒተር በሚተኛበት ገጽ ያለው ግራጫ ደግሞ በጥርስ ብሩሽ የተረጨ ቀለም ነው። ይህን ሁሉ የኮፒ ማሽን አንድ ዓይነት አመድ ያደርገዋል። የ2ኛ ክፍል ልጆች ባለፈው ወር የጨርቅ ቁራጭና ያረጀ ላጲስ ይዘው እንዲመጡ የተባሉት እነሱም እንዲሞክሩት ነበር። «ልጄን ልብስ ስፌት ነው እንዴ የምታስተምሩት?» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝም መልሱ ይኸው ነው።

«የፈረንጅ በረዶ ለእኛ ልጅ ምን ይሠራለታል?» የምትሉም አላችሁ። ፒተር ጥቁር ልጅ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ልጅን ዋና ባለታሪክ ያደረገ የልጆች መጽሐፍ ብርቅ ነበር። ኪትስ ራሱ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች ብሩክሊን ውስጥ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ላይፍ መጽሔት ላይ የአንድ ትንሽ ጥቁር ልጅ ፎቶዎች አየ። ቆርጦ ከ20 ዓመት በላይ አቆያቸው። ፒተር የመጣው ከእነዚያ ፎቶዎች ነው። በ1963 መጽሐፉ የካልዴኮት ሜዳሊያን አገኘ፤ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ የሚሰጥ ትልቁ ሽልማት ነው።

በረዶውንም ቢሆን የእኛ ልጆች በራሳቸው መንገድ ገቡበት። የሚያውቁት ቆርቆሮ የሚደበድበውን በረዶ ነው። ዘንድሮ ዋናው መጽሐፍ ሲከፈትላቸው «ይሄኛው አይጮህም?» ብለው ጠየቁ። መምህርቷ መልስ አልሰጠችም፤ ገጹን ወደ እነሱ አዞረችው። ሰፊ ነጭ፣ በላዩ የእግር ዱካ። አይጮህም ብለው ራሳቸው ወሰኑ። ፒተር የበረዶ ኳስ ኪሱ ከትቶ ቤት ሲገባ ደግሞ ግማሹ ክፍል «ይቀልጣል!» ብሎ ተንጫጫ። መጽሐፉ ገና አልነገራቸውም ነበር።

ይህ ማንበብ አይደለም የሚለኝ ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። እባካችሁ ብዙዎቻችን ሳሎን የሚሰቀለውን የንግሥት ሳባን ስዕል አስቡት። አብዛኛውን ጊዜ 44 ክፍል አለው። ዘንዶው፣ ጉዞው፣ ማዕዱ፣ ውሃው፣ የቀዳማዊ ምኒልክ መወለድ። እኔ ያንን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት አያቴ ጣቷን ከአንዱ ሳጥን ወደሌላው እያሻገረች ስትነግረኝ ነው። «ስዕል ብቻ ነው» ያላት ሰው አላስታውስም።

«ጽሑፉ ትንሽ ነው፤ በ5 ደቂቃ ያልቃል።» እውነት ነው። የሞሪስ ሴንዳክ «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» 338 ቃላት ብቻ ነው ያለው። ይህ ደብዳቤ ካለፈው ቆይቷል። ግን ስዕሎቹን ተመልከቱ። ማክስ ያጠፋና ያለ እራት ወደ መኝታው ይላካል። በመጀመሪያው ገጽ ስዕሉ ትንሽ ነው፤ ዙሪያው ባዶ ነጭ። ክፍሉ ውስጥ ጫካ መብቀል ሲጀምር ስዕሉም አብሮ ያድጋል። ገጹን ይሞላል። ወደ ጎረቤቱ ገጽ ይሻገራል። ማክስ እዚያ ከሚያገኛቸው አውሬዎች ጋር ሲጨፍር ቃል ጨርሶ ይጠፋል፤ ሁለቱም ገጽ ስዕል ብቻ ይሆናል። ማክስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስዕሉ እንደገና ያንሳል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስዕል የለም፤ እራቱ ገና ትኩስ እንደነበር የሚነግሩን ጥቂት ቃላት ብቻ። ለዚህ ነው «ፒዲኤፉ በነጻ ይገኛል፣ በስልክ ይዩት» የሚለውን ሐሳብ ያልተቀበልኩት። ስልክ ላይ ትንሹም ትልቁም ስዕል እኩል አውራ ጣት ያህል ነው።

«አውሬዎቹ ያስፈራሉ» ያላችሁ እናት ደግሞ ብቻዎን አይደሉም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣም ብዙ አዋቂዎች እንዲሁ ብለው ነበር። ሴንዳክ አውሬዎቹን የሳላቸው ልጅ ሳለ ቤታቸው የሚመጡ ዘመዶቹን እያሰበ ነው። ጉንጩን እየቆነጠጡ «ልብላህ» የሚሉትን። እንዲህ ያለ አክስት የሌለው ልጅ በትምህርት ቤታችን አለ ብዬ አላምንም።

«በእርዳታ የመጡት አሮጌ መጻሕፍትስ?» ለምትሉ፣ እነሱም አሉን። ግን መጽሐፍ የሚታተመው አራት ቀለም አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ነው። አንዱ ጥቂት ከተንሸራተተ ፊት ሁለት ይሆናል። ደጋግሞ ከታተመ በኋላ ከኅትመት ላይ ኅትመት ከተወሰደ ደግሞ ስዕሉ ይደበዝዛል። በጥሩ ሁኔታ እንደገና የታተመ የሚባለው ወደ ሠዓሊው ዋና ሥራ ተመልሶ እንደገና ፎቶ የተነሳው ነው። የቢያትሪክስ ፖተር የጥንቸሉ ፒተር መጽሐፍ (ይህኛውም ፒተር ነው፣ አትደናገሩ) እ.ኤ.አ. በ2002 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር እንዲህ ተደርጎለታል። ያን ጊዜ ስድስት ስዕሎች ተጨመሩ፤ አራቱ በ1903 ቦታ ጠቦ የወጡ ነበሩ። ልጆች ለመቶ ዓመት ያህል መጽሐፉን ያለ እነዚያ አራት ስዕሎች ሲያነቡት ኖረዋል ማለት ነው። መጽሐፉ ትንሽ መሆኑም ማጭበርበር አይደለም። ፖተር ለትንሽ እጅ እንዲመች ብላ ራሷ የፈለገችው ነው።

«በአማርኛስ የለም ወይ?» ይህኛውን ጥያቄ ያለ ክርክር እቀበላለሁ። የአማርኛም ገዝተናል፤ መጥታችሁ መደርደሪያውን እዩ። እኔ ልጅ ሆኜ ያገላበጥኳቸውን ግን ገበያ ላይ ፈልጌ አጣሁ፤ እንደገና ያሳተማቸው የለም። ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ የቀረ ካለ አውሱን። አስነብበን እንመልሳለን። ኮፒ አናደርገውም።

450 ብሩን በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል። ያም የሚከብደው ወላጅ ቢሮዬ መጥቶ ያናግረኝ፤ ግሩፑ ላይ መጻፍ አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት መጽሐፍ የሚከለከል ልጅ የለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከተዋሱት የሴንዳክ ቅጂዎች አንዱ እስካሁን አልተመለሰም። አንዱ አውሬ ላይ በእስክሪብቶ መነጽር እንደተሳለበት ከልጆቹ ሰምተናል። ቅጣት የለውም። መነጽሩም አምሮበታል አሉ። ብቻ እስከ ዓርብ ይመለስልን፤ 14 ልጆች ወረፋ ይዘው እየጠበቁ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር