አያትሽ ብሩን የት አደረገው?

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ባለፈው ስንደዋወል አያትሽን አማሽው። «ዕድሜ ልኩን ሸምኖ ያጠራቀመውን ብር ለድግስ ከሚያፈሰው ሽሮ ሜዳ ላይ ቤት ቢገዛበት ኖሮ ዛሬ የት በደረስን» አልሽ። ሳቅኩብሽ። ነገሩ ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም፣ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

የቤቱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ያኔ የአዲስ አበባ መሬት አብዛኛው የመኳንንትና የባለጸጎች ነው። የኛ ሰው ኪራይ ከፋይ ነበር። እንደምንም ገዝቶ ቢያከራይ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ደርግ «ትርፍ ቤት» ብሎ ይወርስበት ነበር። ስለዚህ ብዙም አትቆጪ።

አያትሽ የተወለደበት ጋሞ ተራራ ላይ ገብስና እንሰት አይጠፋም። ሆድ ይሞላል፣ ብር ግን አያመጣም። የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አገሩን ሲይዝ የአያትሽ አባት ገባር ሆነ። ለመልከኛው፣ በላዩ ለተሾመበት ባለሥልጣን፣ ማር ይሰጣል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል። ሚስቱ እህል ትፈጫለች። የራሱን ማሳ የሚቆፍረው ከዚያ በተረፈው ቀን ነው። እያደር ደግሞ በጥሬ ብር የሚከፈል ግብር መጣ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የጉልበቱ አገልግሎት በአዋጅ ሲቀር፣ የብሩ ግብር ቀጠለ።

ብር ከየት ይምጣ? ከሸማ ነዋ። ጥጡ ከታች ከቆላው፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቅ ዳር ይመጣል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሽመና ድሮም ነበረ። አዲስ አበባ ድረስ ያስኬደን ግን ግብሩ ነው። ያኔ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ ገና በመቆርቆር ላይ ናት፣ መኳንንቱም ወታደሩም ሸማ ለባሽ ነው። የኛ ሰዎች ከዶርዜ፣ ከዶኮ፣ ከጨንቻ እየወረዱ እንጦጦ ሥር ሰፈሩ። ያስገበረን መንግሥት ነው ገበያውንም የከፈተልን። ይህን ስል እያመሰገንኩት አይደለም።

አያትሽ ሁለተኛ ልጅ ነው። በኛ አገር የአባትን ቤትና ደህና ደህናውን መሬት የሚወስደው በኩሩ ነው። ታናሽ ሆነሽ ከተወለድሽ ታላቅሽ ሥር ሆነሽ ትኖሪያለሽ፣ አለቀ። እሱ ግን በልጅነቱ ከዘመድ ጋር ሽሮ ሜዳ መጣ። መጀመሪያ የማጉን ክር ቀሰም ላይ ሲያጠነጥን ኖረ፣ ከዚያ ራሱ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እግሩን ታች ከቶ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያስኬደው ዓይኑ አያየውም፣ ጆሮው ነው የሚከተለው። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ክር ይቆጥራል። ያኔ ያናገረው ሰው ወየውለት።

ነጠላው ሲያልቅ አጣጥፎ ነጋዴው ዘንድ ይወስደዋል። ክሩን በዱቤ የሰጠው ነጋዴው ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱው ነው። ለጥምቀት ደህና ያወጣል፣ በክረምት ይረክሳል። ያን ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው እመቤት ልጇን ለሸማኔ አትድርም። ብር ይዞ ቢሄድም አትድርም።

እንግዲህ አስቢው። እዚህ የማይገዛለትን ክብር ብሩ የት ይግዛለት? አገር ቤት።

ሃላቃ የኛ አገር የክብር ማዕረግ ነው፤ ሃላቃ ለመሆን ሽማግሌዎቹንና አገሩን ማብላት ግድ ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ የገብስ ጠላ፣ እንደገና ቅቤ። የድሮ ሰው ይህን የሚያደርገው በመሬቱና በከብቱ ነበር። አያትሽ በሽመና ብር አደረገው፣ የጎደለውን ተበድሮ። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። በመስቀል ሰሞን አናቱ ላይ ቅቤ ተቆልሎለት፣ የሰጎን ላባ ሰክቶ ገበያውን ሲዞር አይቼዋለሁ። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ አንገቱ ላይ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ከዚያ ወዲያ ዱቡሻ ላይ፣ አገር በሚመክርበት ሜዳ፣ ሲናገር ታላቅ ወንድሙ ሳይቀር ያዳምጠዋል። ያ ነው የብሩ ዋጋ። ከወር በኋላ ሽሮ ሜዳ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ ነጋዴውም እንደ ድሮው «አንተ!» እያለ ይጠራዋል።

ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም። በዚያው ገበያ ሸክላ ሠሪዋም እንስራዋን ደርድራ ትቀመጣለች። ቆዳ ፋቂውም አለ። እነሱም የእጅ ባለሙያ ናቸው፣ እነሱም ይሸጣሉ። የፈለገውን ያህል ቢያተርፉ ግን ሃላቃ አይሆኑም። በወጉ መሬት አይኖራቸውም፣ ከኛ ጋርም አይጋቡም። የኛ መውጫ መሰላል ለነሱ አልተዘረጋም። አያትሽ ከተማ ላይ የእጁ ሥራ ሲያስንቀው ያመው ነበር። አገሩ ገብቶ ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ ግን ምንም አይመስለውም ነበር። ስለ እሱ ስታወሪ ይሄንንም ጨምሪበት።

አሁን ወደ አንቺ ንግድ ልምጣ። ቨርጂኒያ ላይ ቀሚሱ እንደሚሸጥልሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። «ረከስ ያለ ሸማኔ ፈልግልኝ» ላልሽኝ ግን እምቢ ብያለሁ። ረከስ ያለው እንዴት እንደሚረክስ ሰፈሩ ያውቀዋል። ከጋሞ የመጣ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ከንጋት እስከ ሌሊት ቀሰም ሲያጠነጥንለት ነው። ከጎረቤታችን ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ልጅ አያሠራም። የሥራውን ክፍያ ግማሽ ቅድሚያ ይፈልጋል፣ ክሩን ራሱ ይገዛል፣ ዋጋውንም እሱ ይነግርሻል። ውድ ነው ካልሽ ደውይለትና ተከራከሪ፣ አማርኛሽን አልረሳሽም።

ትዕዛዙን ግን ከነሐሴ በፊት ላኪ። ለመስቀል ሁሉም አገሩ ይገባል፣ ያኔ እዚህ መጥተሽ ብታንኳኪም የሚከፍትልሽ ሸማኔ የለም።

አባትሽ