በአቃቂ ለሚቋቋመው የማኅበረሰብ ስፖርት ሬዲዮ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ለምትኖሩ፣ እንዲሁም በእነዚህ ሰፈሮች አድጋችሁ ኑሯችሁን ሌላ ቦታ ላደረጋችሁ የስፖርት ቤተሰቦች በሙሉ፦ የአካባቢያችንን ስፖርት የሚዘግብ የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያ ለማቋቋም የሚያስፈልጉትን የስቱዲዮ ዕቃዎች፣ የአንቴና ምሰሶና ማሰራጫ በጋራ እንድንገዛ በአክብሮት እንጠይቃችኋለን። ለስቱዲዮ የሚሆነውን ክፍል አንድ የሰፈራችን ዕድር ከአዳራሹ ጎን ያለ ኪራይ ፈቅዶልናል፤ የቀረው ክፍሉን ለሥራ ማብቃት ነው።

ሬዲዮ ለአቃቂ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. ከዚሁ ከአቃቂ ነው፤ የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሊጀመር በተቃረበበት ጊዜም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለውጭው ዓለም ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ በኩል ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የአገራችን ሬዲዮና አንጋፋው ክለባችን የእኩያ ያህል ናቸው ማለት ይቻላል፤ የተቀናቃኙ የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊዎች ይህችን ንጽጽር በይቅርታ እንዲያልፉልን እንለምናለን።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. መሆኑን ስናስታውስ፣ በስፖርት ከምንኮራባቸው ታላላቅ ድሎች አንዳንዶቹ ከቴሌቪዥን በፊት የመጡ መሆናቸውን እንረዳለን። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ብሔራዊ ቡድናችንም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ፣ በስታዲየም ያልነበረው ሰው ድሉን የሚሰማበት መንገድ ሬዲዮና ጋዜጣ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከሰለሞን ተሰማ እስከ ደምሴ ዳምጤ ያሉት የስፖርት ጋዜጠኞች ጨዋታን በቃል የመሣል ሙያ ለሬዲዮ አድማጩ አስለምደውታል። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች (ሴካፋ) ዋንጫ ፍጻሜ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፍንበትን ምሽት ያኔ ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬም የሚተርኩት በደምሴ ድምፅ እያስመሰሉ ነው። ይህ ልምድ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ቡድናችን በአገሩ ሜዳ መጫወት ስላልተፈቀደለት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ ነበር፤ በዚያን ቀን በታክሲ ውስጥና በየሱቁ ደጃፍ ሬዲዮ ያልከፈተ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር።

የእኛ ጥረት የተጀመረው ግን በሞንታርቦ ነው። በየክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሚደረገው የሰፈር ለሰፈር ውድድር ላይ የተጫዋቾችን ስም በድምፅ ማጉያ የሚጠሩ ወጣቶች፣ ቀስ በቀስ ጨዋታውን ራሱን መተረክ ጀመሩ። ሥራ ላይ ሆነው ወይም ታመው ሜዳ መምጣት ያልቻሉ፣ ዓረብ አገርም ያሉ የተጫዋቾች እህቶችና ወንድሞች ቅጂውን እየጠየቁ ሲያስቸግሩ በስልክ እየተቀዳ በቴሌግራም መላክ ጀመረ፤ ዛሬ በየሳምንቱ የሚተላለፈው ፕሮግራማችን የተወለደው ከዚያ ነው። እስካሁንም የምንሠራው በእጃችን ባለው ነው። ዘጋቢያችን ጨዋታ የሚያስተላልፈው ሜዳው ዳር በቆመ አይሱዙ ላይ ወጥቶ፣ ነፋስ እንዳይረብሸው ማይክሮፎኑን የሕፃን ካልሲ አልብሶ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በፌስታል ሸፍኖ ነው። የማልያ ቁጥሮቹ በነጭ ፕላስተር የተለጠፉ በመሆናቸው ላብ ሲነካቸው ይላቀቃሉ፤ ከእረፍት በፊት 8 ቁጥር የነበረው ተከላካይ ከእረፍት በኋላ 3 ቁጥር ሆኖ ሲገኝ ዘጋቢው ተጫዋቹን በሩጫው መለየት ይኖርበታል። የሰፈሩን ልጅ በሩጫው የሚለይ ጋዜጠኛ የሚገኘው ደግሞ ከሰፈሩ ነው።

በከተማችን የስፖርት ሬዲዮ ፕሮግራም እጥረት የለም፤ በዚህ ረገድ ማንንም መክሰስ አንፈልግም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ከጣቢያዎች የአየር ሰዓት በገንዘብ በሚገዙ አዘጋጆች ነው፤ የገዛውን ሰዓት ወጪ ለመመለስ ስፖንሰር የሚፈልግ አዘጋጅ ደግሞ ብዙ አድማጭ ወዳለበት ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ማዘንበሉ የማይቀር ነው። በዚህ ምክንያት የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ተጠባባቂ ተጫዋች ጉዳት ለግማሽ ሰዓት ሲተነተን፣ ከቤታችን አምስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ የተደረገ የሴቶች ጨዋታ ውጤቱ እንኳ አይነገርም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የስፖርት ውርርድ ነው። በየማዕዘኑ የተከፈቱት የውርርድ ቤቶች የሰፈራችንን ልጆች ምን ያህል እንደጎዱ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ጣቢያችን የውርርድ ማስታወቂያ እንደማይቀበል ገና ከመነሻው ወስነናል። ይህ ውሳኔ በስፖርት ሬዲዮ ዘንድ በቀላሉ ከሚገኙት የገቢ ምንጮች አንዱን የሚዘጋ በመሆኑ፣ ጥያቄያችንን ወደ እናንተ ይዘን የመጣንበት ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

የታሰበው የፕሮግራም ይዘት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚቀርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ የአካባቢያችን የወንዶችና የሴቶች ጨዋታዎች ከሜዳ በቀጥታ ይተላለፋሉ። ንጋት ላይ፣ አስፋልቱ በመኪና ከመጨናነቁ በፊት ልምምድ ለሚወጡ ሯጮችና ወደ ሥራ ለሚጣደፉ ሠራተኞች የአትሌቲክስ ዜና ይቀርባል። ስለ ጨዋታ ሕግ የምናዘጋጀው ሰዓት ላይ በየውድድሩ የሚያጫውቱ ዳኞች ቀርበው፣ ኦፍሳይድና በእጅ መንካት የሚያሰኛቸው ምን እንደሆነ ለአድማጭ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ሰኞ ጠዋት ቡና ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ እንኳ በዚህ ቢበርድ ትልቅ ነገር ነው። ገና ሲደርስ የገና ጨዋታ፣ በየወቅቱም የፈረስ ጉግስና ትግል ሽፋን ያገኛሉ።

እኛ ከሁሉም የምንጓጓለት ግን የጤና ሰዓቱ ነው። የሰፈር ቡድኖች ወጌሻ ብዙውን ጊዜ ቅባትና ውኃ ይዞ የሚሮጥ በጎ ፈቃደኛ በመሆኑ፣ የዞረ ጉልበት ታሽቶ ተጫዋቹ ወደ ሜዳ የሚመለስበት፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ ልጅ ውኃ ተደፍቶበት ጨዋታውን የሚጨርስበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ወጌሻዎችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ አስቀምጦ፣ የቱ ጉዳት በበረዶና በእረፍት እንደሚድን፣ የቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ እንዳለበት ማስረዳት የአንድን ልጅ እግር፣ ምናልባትም ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ይህን ፕሮግራም ለማስተላለፍ ስፖንሰር እስኪገኝ መጠበቅ አይገባንም።

ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል በዝርዝር ማስረዳት ግዴታችን ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ የሚያውቀው ሲሆን፣ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ለማመልከቻው የሚያስፈልገውን ሰነድ እያዘጋጀን እንገኛለን። ምሰሶውና ማሰራጫው የሚገዙት ፈቃዱና የሞገድ ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ በመሆኑ፣ ለእነዚህ የሚሰጠው ገንዘብ እስከዚያ ድረስ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። የኤፍኤም ሞገድ በአመዛኙ ቀጥታ ተጓዥ ስለሆነና ኮረብታና ሕንፃ ስለሚጋርደው፣ አቃቂን በመሰለ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የማሰራጫውን ኃይል ከማብዛት ይልቅ አንቴናውን ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል፤ ከማሰራጫው ይልቅ ስለ ምሰሶው አብዝተን የምንናገረውም ለዚህ ነው። ከምሰሶው ጋር የመብረቅ መከላከያና ደህና የተቀበረ የመሬት ሽቦ መገዛት አለባቸው፤ በክረምት የአካባቢያችንን መብረቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ወጪ ትርፍ ነው አይለንም።

ስቱዲዮው ግን ፈቃድ ሳይጠብቅ አሁን ሊደራጅ ይችላል፣ የቴሌግራም ፕሮግራማችንም ወዲያው ይጠቀምበታል። የሚያስፈልጉት ድምፅ የሚያቀላቅል ሚክሰር፣ ማይክሮፎኖች፣ የጆሮ ማዳመጫዎች፣ ከሜዳ የሚመጣውን የስልክ ድምፅ ወደ ሚክሰሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ስታብላይዘር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየን ኢንቨርተርና ባትሪ ናቸው። ግድግዳው ላይ የለጠፍነው የእንቁላል ካርቶን ድምፅን እምብዛም ስለማይውጥ በወፍራም ጨርቅና በስፖንጅ መተካት ይኖርበታል። አሮጌ ብርድ ልብስና መጋረጃ ያላችሁ ይህን ልብ በሉልን።

የገንዘብ መዋጮ በባንክና በቴሌብር ይሰበሰባል፤ የሒሳብ ቁጥሩ በየዕድሩ ጽሕፈት ቤትና በሜዳው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ከዚያ ውጭ ቁጥር የሚልክላችሁ ሰው ካለ እባካችሁ አትክፈሉ። ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሱት ከዕድሮች፣ ከሴት ተጫዋቾችና ከአሰልጣኞች የተወከሉ ፈራሚዎች በጋራ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይሰጣል፣ የገቢና ወጪ ዝርዝርም በየወሩ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የብየዳ፣ የኤሌክትሪክና የግንባታ ሙያ ያላችሁ ጉልበታችሁን፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና የብረት ቱቦ የተረፋችሁ ዕቃውን ብትሰጡን ከገንዘብ እኩል እንቆጥረዋለን። የስቱዲዮውን ሥራ የክረምቱ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ለመጨረስ ስላሰብን፣ በዓይነት የምትረዱ ወገኖች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዕድሩ አዳራሽ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ብታመጡልን፣ ዕቃው ከባድ ከሆነም አስቀድማችሁ ብታሳውቁን ተጫዋቾቻችን ጋሪ ይዘው ቤታችሁ ድረስ ይመጣሉ።