የሒሳብና ኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጎማ፣ ነዳጅና የፒት ስሌት

የሒሳብና ኮምፒውተር ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም በኮምፒውተር የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ውስጥ ጎማ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ነዳጅ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚቃጠልና ተወዳዳሪው መቼ ወደ ፒት (በውድድር መሐል ጎማ ወደሚቀየርበትና ነዳጅ ወደሚሞላበት ቦታ) ቢገባ እንደሚያዋጣው በስሌት መርምሮ ማወቅ ነው። ርእሱ በተመረጠበት ሰሞን ከወላጆችም ከባልደረቦቼም «ጨዋታ የክበብ ሥራ ሊሆን ይችላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ በዚህ ዘገባ ተማሪዎቹ ምን እንደለኩ፣ ምን እንዳሰሉና ምን እንዳገኙ በዝርዝር ለማስረዳት ሞክሬአለሁ።

የተጠቀምንበት ጨዋታ ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የተባለው የጣሊያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው አሴቶ ኮርሳ ነው። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በቤተ ሙከራችን ባሉት ቆየት ያሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ውድድሩን የሚያስተናግደው ሰርቨር የነዳጅ ፍጆታንና የጎማ መበላትን በመቶኛ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ያስችላል፤ ኢንተርኔት ሲኖር ከሌሎች ጋር በኦንላይን፣ በማይኖርበት ቀን ደግሞ በቤተ ሙከራው ኔትወርክ እርስ በርስ መወዳደር ይቻላል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ የመኪና መሪ ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ የቀሩት በኪቦርድ ይነዱ ነበር። ይህ እጥረት ለክበቡ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነጂ፣ አንድ የሰዓት መዝጋቢና አንድ የስሌት ኃላፊ እንዲኖረው ስላደረግን፣ መንዳት የማይወዱ ተማሪዎችም ከውድድሩ መሐል ገብተዋል። መብራት በጠፋባቸው ቀናትም ሥራው በሰሌዳና በወረቀት ቀጥሏል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በልኬት አለፈ። በጨዋታው ውስጥ ባለው የጣሊያኑ የሞንዛ የእሽቅድምድም መንገድ ላይ፣ የአንዱ ዙር ርዝመት 5.793 ኪሎ ሜትር በሆነበት፣ አንዱ ተማሪ ሳያቋርጥ ይነዳል፣ ሌላው የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት በሠንጠረዥ ያሰፍራል። የመጀመሪያዎቹ ሠንጠረዦች ሁሉንም ግራ አጋቡ። ጎማው እየተበላ መሆኑ ስክሪኑ ላይ በግልጽ እየታየ የዙሩ ሰዓት እምብዛም አይጨምርም ነበር። ምክንያቱን የደረሰችበት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መኪናው ነዳጅ ባቃጠለ ቁጥር ይቀልላል፣ በቀለለ ቁጥርም ይፈጥናል፤ ስለዚህ ነዳጁ የሚያተርፈውና ጎማው የሚያከስረው እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው ሰዓቱ ባለበት የቆመ የሚመስለው ስትል አስረዳች። አንድ ሊትር ቤንዚን በግምት 0.75 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 60 ሊትር የያዘ መኪና ታንኩ ባዶ ከሆነው ይልቅ 45 ኪሎ ግራም ያህል ተጨማሪ ጭነት ተሸክሞ ይነሣል። በፎርሙላ ዋን 10 ኪሎ ግራም ነዳጅ በአንድ ዙር ወደ 0.3 ሰከንድ ያዘገያል ተብሎ ይገመታል።

ሁለቱን ለመለየት ተማሪዋ ያቀረበችው መፍትሔ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የምናስተምረው ነው። በመጀመሪያ የጎማ መበላቱን ዜሮ አድርገን የነዳጁን ውጤት ለብቻው ለካን፤ ቀጥለን የነዳጅ ፍጆታውን ዜሮ አድርገን የጎማውን ለካን። ሁለቱ መስመሮች በግራፍ ወረቀት ላይ ሲሰመሩ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ሄደ፤ ሲደመሩም ያ ግራ ያጋባን መስመር ተገኘ። በዓመቱ ውስጥ በክበቡ ከተሠራው ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ነው።

ጎማ የሚበላው በመንከባለል ሳይሆን በአብዛኛው በመንሸራተትና ከልክ በላይ በመሞቅ ነው። ኩርባ ውስጥ መሪውን አብዝቶ የሚጠመዝዝ፣ ፍሬን በድንገት የሚረግጥና ከኩርባው ሲወጣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው የሚጫን ነጂ በአንድ ዙር ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጎማውን ቀድሞ ይጨርሳል። በኅዳር ወር የአንድ ተማሪያችን አባት፣ በሙያቸው ጎሚስታ የሆኑ፣ ሦስት ያለቁ ጎማዎች ይዘው መጥተው ነበር። አንደኛው መሐሉ ብቻ የተበላ፣ ሁለተኛው ዳርና ዳሩ ያለቀ፣ ሦስተኛው ደግሞ በውስጥ በኩል ሽቦው እስኪታይ የተጋጠ ነበር። ተማሪዎቹ በእጃቸው ከዳሰሷቸው በኋላ የመጀመሪያው ንፋስ የበዛበት፣ ሁለተኛው ንፋስ ያነሰው፣ ሦስተኛው ዊል አላይመንቱ የተዛባ መኪና ጎማ መሆኑን ነገሯቸው። ጨዋታው የጎማውን የውስጥ፣ የመሐልና የውጭ ሙቀት ለየብቻ ስለሚቆጥር፣ ከተማሪዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ የእኛ መኪና መሐሉ ነው የሚግለው፤ ንፋስ እንቀንስ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጎማ ሲሞቅ ንፋሱ እንደሚጨምር፣ ስለዚህ የሚለካው ሳይነዳ በቀዝቃዛው እንደሆነ፣ ነገር ግን የሚታሰበው ከሞቀ በኋላ ለሚደርስበት መጠን እንደሆነ አስረዱት። የፊዚክስ መምህራችን ወዲያው ተቀብለው፣ በተለመደው የመኪና ጎማ ላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጨምር ግፊቱ በግምት 0.1 ባር እንደሚጨምር በጋዝ ሕግ አሰልተው አሳዩ።

ነዳጅን በተመለከተ ብዙዎቹ «በዙር የሚቃጠለውን በዙር ብዛት ማባዛት ነው» ብለው ቀላል አድርገው ጀምረው ነበር። በዙር ብዛት የሚወሰን ውድድር ላይ አባባላቸው ትክክል ነው። በሰዓት በሚወሰን ውድድር ግን የዙሩ ብዛት ራሱ አይታወቅም፤ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ከፊት የሚመራው መኪና መስመሩን ሲያቋርጥ ነው ውድድሩ የሚያበቃው። በጥር ወር ባካሄድነው የ40 ደቂቃ ውድድር ይህ በተግባር ታየ። አንድ ቡድን በልምምድ የተመዘገበውን 110 ሰከንድ ይዞ፣ 2400 ሰከንድ ለ110 ሲካፈል 21.8 ስለሚሆን 22 ዙር ብሎ ወሰነ፤ በዙር 2.6 ሊትር ስለሚያቃጥል 57.2 ሊትር አስልቶ 58 ሊትር ሞላ። በውድድሩ ዕለት ግን የሌላ ቡድን መሪ መኪና በዙር 109 ሰከንድ መንዳት ቻለ። 22 ዙር የጨረሰው በ2398 ሰከንድ ነበርና ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው መስመሩን አልፎ 23ኛውን ዙር ጀመረ። ያን ዙር ጨምሮ ለ23ቱም ዙር 59.8 ሊትር ያስፈልግ ስለነበር የመጀመሪያው ቡድን መኪና በመጨረሻው ዙር መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቡድን ነዳጁን የሚያሰላው በራሱ ሰዓት ሳይሆን በፈጣኑ መኪና ሰዓት ነው። ነዳጅ ማነሱ መሐል መንገድ ላይ ከታወቀ ደግሞ ኩርባው ሳይደርስ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀደም ብሎ አንሥቶ መኪናውን በራሱ ፍጥነት ማስኬድ፣ ጥቂት ሰዓት አስከፍሎ ብዙ ነዳጅ እንደሚያተርፍ ተለማመዱ። ቤታቸው ግራን ቱሪስሞ 7 ያላቸው ልጆች በዚያ ጨዋታ የነዳጅ አሰጣጡን ከ1 እስከ 6 በመቀያየር ተመሳሳይ ሙከራ አድርገዋል።

ወደ ፒት የመግባት ጥያቄ የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ሙሉ ወስዷል። ለስሌት እንዲያመች 30 ዙር ያለው ውድድር፣ አንድ ጊዜ ፒት ገብቶ መውጣት 25 ሰከንድ የሚያስከፍልበት፣ ጎማው የሚያዘገየው ጊዜም በየዙሩ በእኩል መጠን እየጨመረ የሚሄድበት እንውሰድ። ጭማሪው በዙር 0.1 ሰከንድ ከሆነ (በአዲስ ጎማ የመጀመሪያው ዙር 0፣ ሁለተኛው 0.1፣ ሦስተኛው 0.2 እያለ)፣ ምንም ሳይቆሙ መጨረስ በጠቅላላው 43.5 ሰከንድ ያከስራል፤ በ15ኛው ዙር አንድ ጊዜ መቆም ግን ከፒቱ ጋር 46 ሰከንድ ያከስራልና አለመቆም ይሻላል። ጭማሪው 0.2 ሲሆን ሳይቆሙ 87፣ አንድ ጊዜ ቆሞ 67፣ ሁለት ጊዜ ቆሞ 77 ሰከንድ ስለሚሆን አንድ ጊዜ መቆም ያዋጣል። 0.3 ሲደርስ አንዱ 88፣ ሁለቱ 90.5 በመሆናቸው ልዩነታቸው ይጠባል፤ 0.4 ሲሆን አንዱ 109፣ ሁለቱ 104 ሆነው ሁለት ጊዜ መቆም ይበልጣል። ተማሪዎቹ በ12ኛ ክፍል የሚማሩትን የተከታታይ ቁጥሮች ድምር እዚህ ላይ ሲያገኙት፣ ቀመሩን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በእርግጥ እውነተኛው ጎማ በእኩል መጠን እየደከመ አይሄድም፤ መጨረሻው ላይ በድንገት ስለሚከዳ፣ ቀመሩ ከሚፈቅደው ጥቂት ዙር ቀደም ብሎ መግባት ልማዳችን ሆነ።

ስሌቱ ከእውነተኛው ውድድር ጋር እንዲነጻጸር ሁለት የፎርሙላ ዋን ውድድሮችን መርምረናል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የሃንጋሪ ግራንድ ፕሪ ነው። በዚያ ጠባብ መንገድ ቀድሞ ማለፍ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የፌራሪው የቴክኒክ ኃላፊ ሮስ ብራውን የነጂውን የሚካኤል ሹማኸርን ዕቅድ ከሁለት ወደ ሦስት ማቆሚያ ለወጠ። በወቅቱ በውድድር መሐል ነዳጅ መሙላት ይፈቀድ ስለነበር መኪናው ጥቂት ነዳጅ ይዞ፣ ቀልሎና አዲስ ጎማ አድርጎ ሊሮጥ ይችል ነበር፤ ሹማኸርም በ19 ዙር ውስጥ 25 ሰከንድ እንዲያተርፍ ተነግሮት አተረፈ፣ አሸነፈም። ነዳጅ መሙላት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመከልከሉ የዛሬው የፎርሙላ ዋን ማቆሚያ ስለ ጎማ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በሲልቨርስቶን የተካሄደው እ.ኤ.አ. የ2020ው የብሪታኒያ ግራንድ ፕሪ ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ቀድመው ጎማ ቀይረው ወደ 40 ዙር ገደማ በአንድ ጎማ ሄዱ። መንገዱ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞርና ፈጣኖቹ የቀኝ ኩርባዎች ክብደቱን ወደ ግራ ስለሚያሸጋግሩት፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች የነጂዎቹ የቦታስ፣ የሳይንዝና የሃሚልተን የፊት ግራ ጎማዎች ፈነዱ። ሃሚልተን በሦስት ጎማ እየነዳ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የነበረው ቨርስታፐን ጥቂት ቀደም ብሎ በወቅቱ ለፈጣኑ ዙር ይሰጥ ለነበረው ተጨማሪ ነጥብ ሲል ፒት ገብቶ ስለነበር ከ6 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ተሸነፈ። መግባቱ ልክ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል። እኔ ልክ ነበር ከሚሉት ጋር ነኝ፤ የቀደመው መኪና ጎማ ይፈነዳል ብሎ ማንም ማስላት አይችልም፣ ራሱ ባለበት ጎማ ቢቀጥል እንደማይፈነዳበትም ዋስትና አልነበረውም።

የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር በግንቦት ወር ተካሄደ። ለመጨረሻው የቀረቡት ሁለት ቡድኖች ፍጹም የተለያዩ ነበሩ። የአንደኛው ነጂ በአዲስ ጎማ በዙር 1.4 ሰከንድ ይፈጥናል፣ ጎማውን ግን በዙር በ0.4 ሰከንድ መጠን ይጨርሳል፤ ስለዚህ ዕቅዱ ሁለት ጊዜ መቆም ነበር። የሁለተኛው ነጂ እርጋታ ያለው ሲሆን ጎማው በዙር የሚያዘገየው በ0.2 ብቻ ነው፤ ዕቅዱም አንድ ጊዜ መቆም ነበር። በወረቀት ላይ ፈጣኑ በ30 ዙር 42 ሰከንድ ያተርፋል፣ በጎማና በፒት ደግሞ 37 ሰከንድ ይበልጥ ይከስራል፤ ስለዚህ በ5 ሰከንድ ማሸነፍ ነበረበት። በተግባር ግን ከሁለቱም ማቆሚያዎቹ ሲወጣ ዙራቸውን ቀስ ብለው ከሚሄዱ መኪኖች ኋላ ወደቀ፤ እነርሱን እስኪያልፍ ትርፉ አልቆ ሁለተኛው ቡድን አሸነፈ።

ቀመራችን የሌሎችን መኪኖች ቦታ አይቆጥርም። ተፎካካሪን በአንድ ዙር ቀድሞ ፒት በመግባትና በአዲሱ ጎማ በመፍጠን መቅደም የሚቻለውም ሲወጡ መንገዱ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የ2018 የክበቡ ሥራ ከዚህ ይጀምራል፤ የማጠቃለያው ውድድር የሁሉም መኪኖች የዙር ሰዓት በሠንጠረዥ ተመዝግቦ በቤተ ሙከራው ተቀምጧል፣ ከየትኛው ዙር ላይ ቢገባ ከማን ኋላ ይወጣ እንደነበር የሚያሰላ አነስተኛ ፕሮግራም የሚጽፉ ሦስት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችም ተመርጠዋል። ሁለተኛ የመኪና መሪ ለማግኘት ለወላጅ ኮሚቴ ጥያቄ ያቀረብን ሲሆን፣ አዲስ አባላት ከመስከረም ሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በቤተ ሙከራው መመዝገብ ይችላሉ።