ለቆዳ ቆራጩ ወዳጄ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትዬስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ።

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄ የጠፋው ረስቼህ አይደለም። ከሥራ ተቀንሼ ነበር። ባዶ እጄን ስልክ ማንሳት ከበደኝ። ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር የሚለው ራሱ ጭንቅ ሆነብኝ። ይቅር በለኝ።

ያኔ ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ እዚህ አሜሪካ፣ መሃል ዲትሮይት ከተማ ያለው ግራንድ ሰርከስ ፓርክ እሄድ ነበር። እዚያ አንድ ሐውልት አለ። ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ሞላ ያለ፣ ፂም ያለው ሰው ነው። ሔዘን ፒንግሪ ይባላል። ማን እንደሆነ ሳነብ አንተ ትዝ አልከኝ። ሰውዬው እንዳንተ ቆዳ ቆራጭ ነበር!

በፈረንጆቹ 1840 ሜይን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ የምነግርህ በፈረንጆቹ ነው)። በወጣትነቱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጫማ ፋብሪካ ገብቶ ቆዳ መቁረጥ ተማረ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ ዘመተ፣ ተማረከ፣ አንደርሰንቪል በሚባለው እስረኛ በረሃብ በሚያልቅበት ካምፕ ታሰረ። ተርፎ ዲትሮይት መጣ። በ1866 ከቻርልስ ስሚዝ ጋር የጫማ ሥራ ጀመረ፤ በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ የሚያስተዳድር ባለፋብሪካ ሆነ።

በ1889 የከተማው ባለሀብቶች ከንቲባ እንዲሆን ገፋፉት። የራሳችን ሰው ነው ብለው ነበር። እሱ ግን ከተመረጠ በኋላ የትራም ኩባንያዎቹን ተጋፈጠ፤ ዋጋው ወደ 3 ሳንቲም ይውረድ ብሎ ዓመታት ታገለ። መንገዱንም ከተማዋ ራሷ በምታመነጨው መብራት አበራ።

እኔን የያዘኝ ግን የድንቹ ነገር ነው። በ1893 ኢኮኖሚው ወድቆ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ብዙ ሰው ሥራ አጣ፤ አብዛኞቹ ከጀርመንና ከፖላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ፒንግሪ ዙሪያውን ሲያይ ጦም ያደረ መሬት ሞልቷል። ባለቤቶቹን መሬቱን አውሱን አላቸው። መሬቱን አሳርሶ፣ ዘር ሰጥቶ፣ ለየቤተሰቡ ቁራሽ ቁራሽ አከፋፈለ። ለማስጀመሪያ ገንዘብ ሲጠፋ የሚወደውን ፈረሱን በጨረታ ሸጠ። እስቲ አስበው፣ የገዛ ፈረሱን! ጋዜጦች ተሳለቁበት፣ የድንቹ ከንቲባ አሉት። በ1894 ግን ከ900 በላይ ቤተሰብ ዘግይቶ ዘርቶ እንኳን ድንችና ቦሎቄ ሰበሰበ። ኋላ ኒውዮርክና ፊላደልፊያም ተከተሉት።

ማንም ሰው ምጽዋት ተቀባይ ተብሎ አልተሰለፈም፤ በገዛ እጁ ቆፍሮ በላ። የሥራ አጥ ቅጽ ስሞላ ፊቴን ማን አየው እያልኩ ለከረምኩት ለኔ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። አንደርሰንቪል ሳይራብ ቢቀር ይህን ያደርግ ነበር? አይመስለኝም።

በኋላ የሚሺጋን አገረ ገዥ ሆነ። ከንቲባነቱንም ይዤ ልቀጥል ሲል ፍርድ ቤት ከለከለው፤ እዚህ ላይ እኔም ከፍርድ ቤቱ ጋር ነኝ። በ1901 ለንደን ውስጥ አረፈ። ሐውልቱ የቆመው ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ ነው።

አሁን ሥራ ይዣለሁ፤ የማታ ፈረቃ ነው። አንተስ አሁንም ያችን አሮጌ ቢላዋ እየሳልክ ነው የምትሠራው? ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? የሐውልቱን ፎቶ አብሬ ልኬልሃለሁ። እጁን አይተህ የቆራጭ እጅ መሆን አለመሆኑን ንገረኝ።

የዘወትር ወንድምህ